ትምህርት ቤት የተዘጋው በከንቱ ነበርን? ስለ ወረርሽኝና ስለ ቀደምት እርምጃ ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚያነሡት ጉዳይ በመሠረቱ አንድ ነው። ወረርሽኝ ገና ሊገባ ሲል ወይም በገባ ማግሥት የሚወሰድ እርምጃ የበሽታውን ሥርጭት በእርግጥ ይለውጣልን? የዓምዱን ቦታ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ማብራሪያ የሚሻ በመሆኑ መልሱ ከሌሎቹ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአገራችን የተገኙት የኮሮና ሕሙማን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ተማሪዎቼ ለወራት ቤት ዋሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል አልተመለሱም። የተፈራው እልቂት ግን በአካባቢያችን አልታየም። ባልደረቦቼ «በሽታው ሳይመጣ በር መዝጋት ከንቱ ድካም ነበር» ይላሉ፤ እኔም የምመልስላቸው አጥቻለሁ። ጥቂት ሰው በታመመበት ጊዜ ይህን ያህል መጠንቀቅ ጥቅም አለው? ካለውስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ክፍል ያልተመለሱትን ተማሪዎችዎን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ። ስለ ወረርሽኝ መከላከል የሚጽፍ ሰው እርምጃው ያስከፈለውን ዋጋ ትቶ ጥቅሙን ብቻ ቢናገር እውነቱን ከግማሽ በታች ነገረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ እነርሱ እመለሳለሁ። ለጊዜው ግን «ጥቂት ሰው በታመመበት ጊዜ» የሚለውን ቃልዎን ልያዝ፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ለሕዝብ የሚነገረው የሕሙማን ቁጥር የዕለቱን ሁኔታ አያሳይም። የኮሮና ቫይረስ የያዘው ሰው ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ቀን ያህል ይወስዳል። ከዚያ ሕመሙ ጠንቶበት ወደ ጤና ተቋም እስኪሄድ፣ ናሙና ተወስዶም ውጤቱ እስኪታወቅ ሌሎች ቀናት ይጨመራሉ። በሽታው የሚገድለው ሰው ደግሞ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በተያዘ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ማታ በዜና የምንሰማው የሕሙማን ቁጥር ያለፈውን ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት የነበረውን፣ የሟቾች ቁጥር ደግሞ ከዚያም የቀደመውን ጊዜ ይነግረናል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ በሽታው ሥራውን አላቆመም፤ ምልክት ያላሳዩ ሰዎች ገበያ ወጥተዋል፣ ለቅሶ ደርሰዋል፣ ታክሲ ተሳፍረዋል።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ በምሳሌ እናስላ። ምንም ጥንቃቄ በማይደረግበት ከተማ የተያዙ ሰዎች ቁጥር በየሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል እንበል፤ በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በብዙ አገሮች የታየው ፍጥነት ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። በሽታው ከሚይዛቸው 100 ሰዎች አንዱን ይገድላል፣ ያም ሰው በተያዘ በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል ብለን እንነሣ። የመጀመሪያው ሟች በተገኘበት ዕለት ወደ ኋላ ብንቆጥር ከ21 ቀን በፊት 100 ያህል ሰዎች ተይዘው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሰባት ጊዜ በመታጠፉ 100 የነበሩት 12,800 ሆነዋል። የከተማዋ ሹም «የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ሳምንት እንይ» ቢል ሳምንቱ ሲያልቅ የተያዙት ከ60,000 ይበልጣሉ።

ልብ ይበሉ፤ ሹሙ በመጨረሻ የሚያወጣው ትእዛዝ ቀድሞ ቢያወጣው ኖሮ ከሚያወጣው የተለየ አይደለም። ትምህርት ቤቱም ገበያውም ያው ይዘጋል፤ ሕዝቡም ያው ይቸገራል። የሚለየው የትእዛዙ ውጤት ነው። የተያዙት 100 በነበሩበት ጊዜ እያንዳንዳቸው ከ20 ሰው ጋር ንክኪ ነበራቸው ቢባል፣ ፈልጎ ማግኘትና ለ14 ቀን መከታተል የሚያስፈልገው 2,000 ሰው ነው፤ ይህ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጤና ባለሙያዎች ጥረት የሚደረስበት ነው። የተያዙት 12,800 ሲሆኑ ግን የሚፈለገው ሰው ከሩብ ሚሊዮን ይበልጣል፤ ያኔ ሰውን በስሙ ፈልጎ መለየት የማይቻል ስለሚሆን ሁሉንም ሰው በየቤቱ ከማስቀመጥ በቀር ምርጫ አይኖርም። በሌላ አነጋገር፣ ቀድሞ የሚወሰድ እርምጃ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ እርምጃም ነው።

ባልደረቦችዎ «ይህማ ስሌት ነው» ሊሉ ይችላሉ። በእርግጥ በሕይወት የታየም ነው። የእኛ አገር ሰው የኅዳር በሽታ፣ ሌላው ዓለም የእስፓኝ ጉንፋን ብሎ የሚጠራው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) ዓለምን ባዳረሰበት ጊዜ፣ በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ከተሞች በተመሳሳይ በሽታ ፊት የተለያየ ውሳኔ ወሰኑ። በፊላደልፊያ በሽታው በመስከረም ወር መጀመሪያ ከቦስተን በመጡ የባሕር ኃይል መርከበኞች በኩል ገባ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም በከተማው ነዋሪ ላይ ታየ። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚውል የብድር ገንዘብ የሚሰበሰብበት ታላቅ ሰልፍ አዘጋጅታ ነበር። ሐኪሞች ሰልፉ እንዲቀር አሳሰቡ፤ የከተማዋ የጤና ኃላፊ ዶክተር ዊልመር ክሩሰን ግን እንዲካሄድ ፈቀዱ። በመስከረም 18 ቀን፣ በእኛ አገር መስቀል በዋለ ማግሥት፣ 200,000 ያህል ሰው በአንድ ጎዳና ተፋፍጎ ዋለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የከተማዋ ሆስፒታሎች አልጋ ሞላ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ቲያትር ቤቶች እንዲዘጉ የታዘዘው ከሰልፉ በኋላ በአምስተኛው ቀን ነበር፤ የመጀመሪያው የከተማው ነዋሪ መታመሙ ከተነገረ ሁለት ሳምንት አልፏል። በስድስት ሳምንት ገደማ ከ12,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሬሳ ሣጥን ጠፋ፤ ቀባሪም ጠፋ።

ሴንት ሉዊስ በሽታው ዘግይቶ የደረሰባት ከተማ ናት፤ ይህም የሌሎቹን መከራ አይታ እንድትማር ዕድል ሰጥቷታል። ይህን ዕድል የተጠቀመበት የከተማዋ የጤና ኮሚሽነር ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ በነዋሪው መካከል የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በታወቁ በሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችን፣ የአምልኮ ስፍራዎችንና ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ዘጋ። ነጋዴዎችም የሃይማኖት አባቶችም ቅር ተሰኝተውበታል፤ ያኔ ለነበረ ሰው የእርስዎ ባልደረቦች ያነሡት ቅሬታ በሙሉ ትክክል ይመስል ነበር፤ በከተማዋ የታመመው ሰው ገና ጥቂት ነበርና። በኋላ የታሪክና የወረርሽኝ ጥናት ባለሙያዎች የሁለቱን ከተሞች መዝገብ ሲያስተያዩ፣ በሽታው እጅግ በበረታበት ሳምንት በፊላደልፊያ ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው ከ100,000 ነዋሪ 257 ሲሆን በሴንት ሉዊስ ግን 31 ነበር። እስከ ታኅሣሥ ወር ያለው ጠቅላላ ድምር ሲታይ ደግሞ በፊላደልፊያ 719፣ በሴንት ሉዊስ 347 ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ከተሞች ውሳኔ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሳምንት ቢሆንም፣ በሽታው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ በእጥፍ ማደጉ ነው ይህን ያህል ያራራቃቸው። በ43 የአሜሪካ ከተሞች መዝገብ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም፣ ቀድመው የጀመሩ፣ ብዙ ዓይነት ጥንቃቄ በአንድ ላይ ያደረጉና ለረጅም ጊዜ የጸኑ ከተሞች የሞት ቁጥራቸው እንዳነሰ አሳይቷል።

ከዚህም የሚብስ ንጽጽር በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በሚገኙት የሳሞአ ደሴቶች ተፈጽሟል። ደሴቶቹ ተጎራባች ናቸው፤ ቋንቋቸውም ዘራቸውም አንድ ነው። በዚያን ዘመን ምሥራቃዊዎቹ በአሜሪካ፣ ምዕራባዊዎቹ በኒው ዚላንድ ይተዳደሩ ነበር። የአሜሪካው ገዥ ጆን ፖየር ስለ ወረርሽኙ በሬዲዮ እንደሰማ መርከቦችን በወሸባ እንዲቆዩ አደረገ፤ ወሸባውንም አላላላም። ምዕራባዊቱ ሳሞአ ግን ከኦክላንድ የተነሣችውንና የታመሙ መንገደኞች የጫነችውን ታሉን የተባለችውን መርከብ ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. በአፒያ ወደብ አስተናገደች፤ መንገደኞቹም ያለ ልየታ ወረዱ። በሁለት ወር ውስጥ 8,500 ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ የሚበልጠው፣ አለቁ። በምሥራቃዊቱ ሳሞአ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ የሳሞአን ሕዝብ በይፋ ይቅርታ ከጠየቁባቸው በደሎች አንዱ ይኸው ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የምሥራቁ ደሴት ሰዎች በዚያ ወቅት ምን ይሉ እንደነበር አስባለሁ። በመካከላቸው የታመመ ሰው ሳይኖር መርከብ ተከለከለ፤ ንግድ ቆመ። ከማዶ የሆነውን ባያውቁ ኖሮ «ከንቱ ድካም» ለማለት በቂ ምክንያት ነበራቸው።

«በምን ይታወቃል?» ላሉት ጥያቄ መልሱም ይኸው ነው። የሠራ ጥንቃቄ የሚታይ ነገር አይተውም፤ ያልታመመ ሰው አይቆጠርም። ጥቅሙ የሚታወቀው በቦታና በቦታ መካከል፣ በተመሳሳይ በሽታና በተለያየ ውሳኔ መካከል በሚደረግ ንጽጽር ነው።

ይህ ሁሉ ሀብታም አገር ካልሆኑ አይደረግም እንዳይባል አንድ የአፍሪካ ምሳሌ ልጨምር። በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ወር (እ.ኤ.አ. በ2014) ኢቦላ የያዘው መንገደኛ ከላይቤሪያ በአውሮፕላን ወደ ሌጎስ ገባ። በሽታው ያኔ በምዕራብ አፍሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሎ ነበር፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በሚኖርባት እንዲህ ባለች ከተማ ቢዛመት ምን ሊከተል እንደሚችል ሁሉም ፈርቶ ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ስቴላ አደዴቮህ ታማሚው ከሆስፒታሉ እንዲወጣ የደረሰባቸውን ግፊት ተቋቁመው አስቀሩት፤ በኋላም ራሳቸው በበሽታው ሞቱ። ናይጄሪያ ለፖሊዮ ያቋቋመችውን የአደጋ ጊዜ ማስተባበሪያና የሠለጠኑ ሠራተኞች በቀናት ውስጥ ወደ ኢቦላ አዞረች፤ ንክኪ የነበራቸው ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎች ተለይተው በየቤታቸው በአካል ተጎበኙ፤ የጉብኝቱም ቁጥር 18,500 ደረሰ። በአገሪቱ የታመሙት 20፣ የሞቱት 8 ብቻ ሆነው ወረርሽኙ በሦስት ወር ውስጥ አበቃ። ከተማ አልተዘጋም። ከላይ ቀድሞ የተወሰደ እርምጃ ቀለል ያለ ነው ያልሁት ይህን ነው።

አሁን ወደ እኛው አገር ልመለስ። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከዚያ በፊት በቦሌ አየር ማረፊያ የሙቀት ልየታ ተጀምሮ፣ ናሙና ወደ ውጭ መላኩም ቀርቶ ምርመራው በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘጉ፤ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ ተደረገ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ታወጀ። እነዚህ ሳምንታት የተገዙት በውድ ዋጋ ቢሆንም ባዶ ሆነው አላለፉም። የምርመራ ማዕከላት ወደ ክልሎች ተስፋፉ፣ የሚሌኒየም አዳራሽ ለሕክምና ተዘጋጀ፣ ባለሙያዎችም ራሳቸውን ጠብቀው ማከምን ተማሩ። እስካሁን በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው የሞት ቁጥር 7,500 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የእርምጃው ውጤት ነው ብዬ አልነግርዎትም፤ ከሕዝባችን ግማሹ ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ወጣት መሆኑ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ኮሮና በዋነኛነት የሚገድለው አረጋዊን ነውና። በመጋቢት 2012 ግን ይህ በውል የታወቀ አልነበረም። የማይታወቅ በሽታ ሲመጣ፣ የኅዳር በሽታ ደግሞ ወጣቱን እንደፈጀ እየታወቀ፣ ለሳምንታት በር መዝጋት ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተማሪዎችዎን በሚመለከት ግን ከባልደረቦችዎ ጋር በከፊል እስማማለሁ። መዝጋቱን ሳይሆን የመዝጊያውን ርዝመት ነው የምነቅፈው። አዋጁ ካበቃ በኋላ ገበያውም ትራንስፖርቱም ሞልቶ ሳለ ትምህርት ቤት እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ተዘግቶ መቆየቱ፣ ራዲዮም ቴሌቪዥንም በሌለበት የገጠር ቤት ላለች ልጅ ትምህርቷን ሳይሆን የወደፊት ሕይወቷን አስከፍሏታል። ቀድሞ የሚወሰድ እርምጃ ጥቅሙ በሽታውን ለመለየትና ለመዘጋጀት ጊዜ መግዛቱ ነው፤ ዝግጅቱ ከተደረገ በኋላ ሸክሙ ከሁሉ በፊት ሊነሣለት የሚገባው ሕፃኑ ነበር። ወደ ክፍል ያልተመለሱትን ልጆች በስማቸው የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እነርሱን ፈልጎ መመለሱ ዛሬም ጊዜው አላለፈም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳት ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። በ2012 ዓ.ም. ሁሉም ነገር ሲዘጋ በሽታው ቀለል አለ፤ ሲከፈት ደግሞ በብርዱ ወራት እንደገና መጣና የምወዳቸውን አረጋውያን ወሰደብኝ። እንግዲህ ሞቱን አዘገየነው እንጂ ያስቀረነው ነገር አለ?

መልስ፦ እኅቴ፤ በሥራሽ ላይ ሳለሽ የደረሰብሽ ኀዘን ከባድ መሆኑን እረዳለሁ። ጥያቄሽም በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች እርስ በርሳችን ደጋግመን የምንጠያየቀው ነው።

የታየሽ ነገር እውነት ነው፤ እርምጃው ሲነሣ በሽታው ይመለሳል። ከላይ ያነሣኋት ሴንት ሉዊስ ራሷ ክልከላውን በኅዳር ወር ስታላላ በሽታው አገርሽቶባት እንደገና ለመዝጋት ተገድዳለች። የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ደግሞ ጭምብል እንዲያወልቁ በተፈቀደላቸው ዕለት ቀትር ላይ ፊሽካ ተነፍቶ በየጎዳናው ጨፈሩ፤ ያ ቀን ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበር። በጥር ወር እንደገና ጭምብል ታዘዘባቸው። እርምጃው ቫይረሱን አላጠፋውም፤ ሰውና ሰውን አራርቆ መንገዱን አጠበበበት እንጂ። ሰዎች ተመልሰው ሲቀራረቡና አብዛኛው ሰው የመከላከል አቅም ሳይኖረው ሲቀር በሽታው ካቆመበት ይቀጥላል።

ማዘግየት ግን በራሱ ሕይወት ያድናል፤ ይህም በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በዝግታ የሚዛመት በሽታ በጠቅላላው የሚይዘው ሰው ማነሱ ነው። አንድ ሰው በአማካይ ሦስት ሰው የሚያስይዝ በሽታ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ከተያዘ በኋላ በራሱ መቀነስ ይጀምራል፤ ነገር ግን ያለ ገደብ የተለቀቀ እንደሆነ እዚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ የታመመው ሰው እጅግ ብዙ ስለሚሆን በግፊቱ ብቻ እያለፈ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሰው ይይዛል። ቀዝቀዝ ያለ እንደሆነ ያን ትርፍ ጉዳት ያስቀራል።

ሁለተኛው ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። በመጋቢት 2012 የታመመና በኅዳር 2013 የታመመ ሰው የጠበቃቸው ሕክምና አንድ አልነበረም። በሰኔ 2012 ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ክትባት ከሙከራ ውጭ መሰጠት የጀመረው በብሪታንያ ኅዳር 29 ቀን 2013፣ በአሜሪካ ደግሞ ታኅሣሥ 5 ነው፤ በአሜሪካም ቅድሚያ ያገኙት የጤና ባለሙያዎችና እንደ አንቺ መሥሪያ ቤት ባሉ መንከባከቢያዎች የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። ክትባቱን እስኪያገኝ ድረስ ሳይያዝ ከቆየው ሰው አብዛኛው፣ የዘገየለት ሳይሆን የተረፈ ነው። ኒው ዚላንድ ይህን እስከ መጨረሻው ገፍታበታለች፤ መጋቢት 10 ቀን 2012 ድንበሯን ለውጭ ሰው ዘጋች፣ ከመጋቢት 16 አንሥቶ ሕዝቡ በየቤቱ ተቀመጠ፣ ሰኔ 1 ቀን አንድም ታማሚ እንደሌለ ተነገረ። ደሴት መሆኗ ረድቷታል። ሆኖም አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ባለባት አገር እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮሮና የሞቱት ከ60 አይበልጡም ነበር፤ በሩን የከፈተችው አብዛኛው ሰው ከተከተበ በኋላ ነው።

በብርዱ ወራት ያጣሻቸው አረጋውያን ክትባቱ እስኪደርስላቸው የቀራቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ይህን መስማት የሚያሳምም መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ቤት ክትባቱን አግኝተው ዛሬም ያሉ ካሉ፣ በፀደይ ወራት ጭምብል አድርገሽ፣ ጎብኚ አስቀርተሽ፣ እጅሽ እስኪሰነጣጠቅ እየታጠብሽ የጠበቅሻቸው እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ የምኖር የ74 ዓመት እናት ነኝ። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻውን ሰብስበን በማቃጠል እንደ እናቶቻችን እናጥናለን። የልጅ ልጄ «ጢሱ ምንም አይጠቅምም» ትለኛለች። እውነት ነው? ያኔስ ሰዎች ምን ቢያደርጉ ይድኑ ነበር?

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፤ የልጅ ልጅዎ ስለ ጢሱ የተናገረችው ትክክል ነው፤ እርስዎም ልማዱን ማክበርዎ የሚነቀፍ አይደለም። ኅዳር 12 በየዓመቱ የሚታጠነው በ1911 ዓ.ም. ያለቀውን ሕዝብ በማሰብ ነው። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ከሁለት ዓመት አይበልጥም ነበር፤ ከተማዋም ከባሕር ወደብ ጋር በቀናት ጉዞ ተገናኝታ ነበር። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነርሱም የታመሙና የሞቱ ነበሩ። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑ በማይታወቅበት ዘመን በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ሕዝቡ በእጁ ያለውን መከላከያ፣ ጢሱን፣ ተጠቀመ።

ጢስ የጉንፋንን ቫይረስ አይገድልም። በተለይ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ሰውና ሕፃንን ደግሞ ሊያሳምም ይችላል። የልማዱ ሌላው ግማሽ፣ ግቢን ማጽዳቱና ቆሻሻን ማስወገዱ ግን እንደ ተስቦና ተቅማጥ ያሉትን በሽታዎች ለመከላከል ዛሬም ጠቃሚ ነው።

ሰዎች ምን ቢያደርጉ ይድኑ ነበር ላሉት፣ ያኔ መድኃኒትም ክትባትም ባይኖርም ብዙ ሰው ሊተርፍ ይችል ነበር። ከአያቶቻችን የሰማነው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገራል፤ በአንድ ቤት አባትም እናትም ልጆችም በአንድ ሳምንት ወድቀው ውሃ የሚያቀብል፣ እሳት የሚያነድ፣ የሞተውን የሚቀብር ጠፋ። በጉንፋን ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ውሃና አጥሚት የሚያቀርብለት ካገኘ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ያ ሰው ሲታጣ ግን በበሽታው ባይሞት በጥማት ይሞታል። ሰዎች ከለቅሶ፣ ከገበያና ከማኅበር ለጥቂት ሳምንታት ቢርቁ ኖሮ በሽታው ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ አይጥልም ነበር፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጎረቤት በእግሩ ቆሞ ይረዳው ነበር።

ስለዚህ በመጪው ኅዳር 12 ግቢውን እንደ ልማድዎ ያስጠርጉ፤ የተሰበሰበውን ቆሻሻ ግን ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይስጡ። በቤትዎ ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ምግቡን ለብቻው ያቅርቡለት፣ መስኮቱን ክፍት ያድርጉ፣ ሕመሙ እስኪቀልለት ድረስም ከእርስዎ ጋር በአንድ ክፍል ከማደር ይቆጠብ። በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች ሊለወጥ ስለሚችል፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ከሦስት ቀን ያለፈ ትኩሳት ከተሰማዎት ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።